«በንግግሩ ውስጥ ያለው ሰው ባለቤቴ አይደለም»

ጥያቄ፦

ባለቤቴ የትራፊክ ፖሊስ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት የሌሊት ተረኛ ሳለ፣ በፈጣን መንገድ ዳር ተበላሽቶ የቆመ መኪና አይቶ ሊረዳ ወረደ። በመኪናው ውስጥ የነበሩትን ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አስወርዶ ከመንገዱ ዳር ካለው የብረት አጥር ወዲያ እንዲቆሙ አደረገ። ከዚያም የማስጠንቀቂያ ኮኖችን እየደረደረ ሳለ እንቅልፍ ያሸነፈው ሹፌር የሚነዳው ጭነት መኪና ገጨው፤ የቆመውንም መኪና ጨፍልቆ ቆመ። ሹፌሩ ጥፋቱን አምኖ ተፈርዶበታል።

አሁን መሥሪያ ቤቱ የሙት ዓመቱን በሥነ ሥርዓት ሊያስብ ነው። ንግግሩን የጻፈው በዚያች ሌሊት አብሮት ተረኛ የነበረው ወጣት ባልደረባው ሲሆን፣ አስቀድሜ እንዳየው ልኮልኛል። በጽሑፉ ውስጥ ባለቤቴ ጭነት መኪናው ሲመጣ አይቶ፣ ከመንገዱ ላይ የነበረውን ሕፃን ገፍትሮ በማዳን ራሱን እንደ ሠዋ ተነግሯል። ይህ አልሆነም፤ ጸሐፊውም እንዳልሆነ ያውቃል። አማቴ ግን አንብበው አለቀሱና «የልጄን ክብር እንዳትነኪ» አሉኝ። የ9 ዓመት ልጄ በሥነ ሥርዓቱ ላይ መገኘት ይፈልጋል። ዝም ልበል ወይስ ልናገር? ደግሞም በዚያች ሌሊት ከላዩ ላይ የነበሩትን ዕቃዎች በታሸገ ከረጢት መልሰውልኛል፤ እስካሁን አልከፈትሁትም። ከዕለቱ በፊት መክፈት ይኖርብኛል?

መልስ፦

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤዎን እስከ መጨረሻው ካነበብሁት በኋላ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ተመለስሁ፤ ምክንያቱም ለጥያቄዎ መልስ የሚሆነውን ነገር እርስዎ ራስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈውታል። ባለቤትዎ ኮን ለመደርደር ከመሄዳቸው በፊት አራቱን ሰዎች ከመኪናው አስወርደው ከአጥሩ ወዲያ አቁመዋቸዋል። ጭነት መኪናው በኋላ የጨፈለቀው መኪና ባዶ ነበር። ባዶ የሆነውም በአጋጣሚ ሳይሆን፣ ባለቤትዎ ከሁሉ አስቀድመው ባዶ ስላደረጉት ነው። በመንገድ ዳር ለቆመ ሰው መኪናው ውስጥ መቀመጥ ከውጭ ከመቆም ይልቅ የሚያስተማምን ይመስለዋልና፣ በተለይ በሌሊት ልጆች የያዘ ወላጅ በቀላሉ አይወርድም። ሰዎቹን አሳምኖ ወይም አዝዞ ማስወረድ፣ ተሽከርካሪ በማያልፍበት በኩል ማውጣት፣ ከብረት አጥሩ ጀርባ ማራቅ፣ ወደ ኮኑ መሄድም ከዚህ ሁሉ በኋላ መሆኑ በሥልጠና የሚሰጥ ቅደም ተከተል ነው፤ በድካም ሰዓት ለመዝለል የሚያጓጓውም ይኸው ነው። ባለቤትዎ አልዘለሉትም፤ አራት ሰዎችም በሕይወት አሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ ዝም አይበሉ። ንግግሩ ይስተካከል፤ ሥነ ሥርዓቱ ግን አይቅር፣ እርስዎም ከዚያ አይቅሩ።

ንግግሩን የጻፈው ሰው ሐሰት ለመናገር እንዳልተነሣ እገምታለሁ። እርሱን ያስጨነቀው «በመኪና ተገጭቶ ሞተ» የሚለው ቃል ለአንድ ፖሊስ ሞት ያነሰ መስሎ መታየቱ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ግዳጅ ላይ መሰዋት ሲባል ጥይትና ወንጀለኛ ብቻ ይታየዋል። የፖሊሶችን ሞት በጥንቃቄ የሚመዘግቡ አገሮች ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አያደርጉም። በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 በተመረቀው ብሔራዊ የሕግ አስከባሪዎች መታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ24,000 በላይ ስሞች ተቀርጸዋል፤ በተኩስ የሞተውና በመንገድ ላይ በተሽከርካሪ የተገጨው ጎን ለጎን ነው ያሉት፤ ስሞቹም በፊደል ተራም ሆነ በዘመን ቅደም ተከተል ስላልተደረደሩ፣ አንዱን ስም የሚፈልግ ሰው በመንገዱ ላይ የብዙ ሌሎችን ስም ማንበቡ አይቀርም። በዚያው አገር በተሽከርካሪ አደጋ የሞቱት ፖሊሶች ቁጥር በጥይት ከሞቱት የበለጠባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። መንገድ ለትራፊክ ፖሊስ የሥራ ቦታው ብቻ ሳይሆን ዋነኛው አደጋውም ነው።

በመታሰቢያ ጽሑፍ ረገድ ሁልጊዜ የማስታውሰው ደግሞ በለንደን፣ በሴንት ጄምስ አደባባይ ያለውን ድንጋይ ነው። የ25 ዓመቷ ፖሊስ ኢቮን ፍሌቸር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1984 በሊቢያ ኤምባሲ ፊት ለፊት የነበረን የተቃውሞ ሰልፍ ስትጠብቅ ከኤምባሲው ሕንፃ በተተኮሰ ጥይት ተገደለች። በወደቀችበት ቦታ በቆመው አነስተኛ ሐውልት ላይ የተጻፈው እዚህ መውደቋን፣ ማዕረግዋን፣ ስምዋንና ቀኑን የሚናገር ብቻ ነው። ጀግና አይልም፤ የማትረሳ አይልም፤ ሞቷ አገርን ያናወጠ ሆኖ ሳለ አንድ ቅጽል እንኳ አልተጨመረበትም። ይህን ሐውልት ያቆመው የመታሰቢያ ማኅበርም ሌሎች ፖሊሶች በወደቁባቸው ቦታዎች ተመሳሳይ ድንጋዮችን ሲተክል ኖሯል። የሆነውን ነገር ብቻ የሚናገር ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ከሚናገረው ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ከዚህ ይታየኛል።

ንግግሩ እንዲታረም የምመክርበት ሌላው ምክንያት በመንገድ ላይ ገና የሚሠሩት ባልደረቦቻቸው ናቸው። «ሕፃን ገፍትሮ አዳነ» የሚለው ታሪክ የሞቱን ምክንያት ይሸፍነዋል፤ አድማጩ ስለ ባለቤትዎ ድፍረት እያደነቀ ይወጣል እንጂ፣ ስለደከመው ሹፌርና ስለዚያች የኮን መደርደሪያ ቅጽበት አያስብም። በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ የአምቡላንስ ባለሙያ በአደጋ ቦታ ሰው ሲረዳ ተሽከርካሪ ገጭቶት ቆሰለ፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ግን ጥፋተኛ ያደረገው ራሱን ነበር። ሰውዬው ነገሩን እንደ ሆነ ይዞ ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በግዛቲቱ፣ የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ በመንገድ ዳር ቆሞ ሲያይ ማንኛውም ሹፌር ፍጥነቱን እንዲቀንስና ወደ ቀጣዩ ረድፍ እንዲያልፍ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ዛሬ ተመሳሳይ ሕግ በ50ዎቹም ግዛቶች አለ። ያ ሰው የደረሰበትን ነገር ወደ ውብ ታሪክ ለውጦት ቢሆን ኖሮ ሕጉን የሚጠይቅበት መነሻ አይኖረውም ነበር። በእናንተም ዘንድ ሥነ ሥርዓቱ ላይ የሚቀመጡት ኃላፊዎች የመንገድ ላይ አደጋን የሚመለከት አሠራር የሚወስኑ ሰዎች ናቸውና፣ ባለቤትዎ እንዴት እንደ ሞቱ በትክክል ቢሰሙ ለቀጣዩ ተረኛ ይጠቅማል።

ልጅዎም አለ። የአደጋው ሪፖርትና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል፤ ልጅዎ ዛሬ 9 ዓመቱ ቢሆንም፣ አንድ ቀን ሄዶ ማንበቡ የማይቀር ነው። ያን ቀን በመዝገቡ ውስጥ ሕፃን ሲገፈተር ካላገኘ፣ የቀረውንም ነገር ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል፤ አባቱ በእውነት ያደረጉትን ጭምር።

እኔም በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለሁም። አጎቴ ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ታዝዤ «በዘመናቸው ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናግረው አያውቁም» ብዬ ጻፍሁ። ሲነበብ ልጆቻቸው እርስ በርሳቸው ተያዩና በሐዘኑ መካከል ሳቅ አመለጣቸው፤ አጎቴ ከጎረቤት የሚሰማ ድምፅ የነበራቸው፣ ጨዋታቸውም ቁጣቸውም ጩኸት የሆነ ሰው ነበሩ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ስለ አባታቸው ሲያወሩ የሚያነሡት ያንን ጩኸት ነው፤ እኔ የጻፍሁትን ሰው አላወቁትም።

አሁን ወደ ወጣቱ ባልደረባ እንሂድ፤ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነውና። አብሯቸው ተረኛ እንደ ነበረ ነግረውኛል፤ በቅጽበቷ የት እንደ ነበረ ግን አልጻፉም። ምናልባት በመኪናው ውስጥ ሆኖ በሬድዮ እርዳታ ይጠራ ነበር፤ ምናልባት ኮኑን እርሱ ሊደረድር ይችል ነበር። ከሞት የተረፈ ባልደረባ «ለምን እኔ አልሆንሁም» የሚለውን ጥያቄ ለዓመታት ይዞ መኖሩ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው። ሕፃን የማዳኑን ታሪክ የፈጠረው ለባለቤትዎ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሞቱ በአንድ ነገር የተከፈለ ዋጋ ከሆነ ለእርሱም ይቀልለዋልና። ስለዚህ ንግግሩን ለጣቢያው አዛዥ ወይም ለዝግጅቱ ኮሚቴ በቅሬታ መልክ አያቅርቡ። አስቀድመው እርሱን ብቻውን ያግኙት። በስልክም በጽሑፍም አይሁን፤ ፊት ለፊት ይሁን።

ሲያገኙት «ዋሽተሃል» በሚል አይጀምሩ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ የምለው ይመስለኛል፦ «ይህን ሁሉ ስለ እርሱ ብለህ እንደ ጻፍህ አውቃለሁ፤ ስለዚህም አመሰግንሃለሁ። ነገር ግን አንተ እዚያ ነበርህ፤ እኔ አልነበርሁም። ለልጄ የምነግረው ከአንተ የሰማሁትን ነው። ቤተሰቡን ሲያስወርድ ምን አለ? ልጆቹን እንዴት አናገራቸው? እርሱን ጻፍልኝ።» በዚህ መንገድ ከጠየቁት፣ የጻፈውን እየነጠቁት ሳይሆን እርሱ ብቻ ሊጽፈው የሚችለውን እየጠየቁት ነው። ቢያለቅስ አያቋርጡት። ለመናገር ካልቻለም አያስገድዱት፤ የማዳኑን አንቀጽ ብቻ እንዲያወጣና የቀረው እንዳለ እንዲነበብ ይስማሙ። የሥነ ልቦና ድጋፍ እያገኘ መሆኑን በዚያው አጋጣሚ መጠየቅም አይከፋም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከሟች ባለቤት ሲሰማው፣ ከአለቃው ይልቅ በቀላሉ ሊመልሰው ይችላል።

አማትዎን በሚመለከት ብዙ የምለው የለኝም፤ ልጃቸውን ያጡ እናት ናቸውና በክርክር አያሸንፏቸው፣ በሰው ፊትም አያርሟቸው። «የልጄን ክብር እንዳትነኪ» ያሉት ክብሩ የሚነካ መስሏቸው ነው። አዲሱ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከእርስዎ አፍ ይስሙት፤ የሚያነቡላቸውም እርስዎ ይሁኑ። ልጃቸው አራት ነፍስ ከሞት ማውጣታቸውን፣ ያውም ሁለቱ ልጆች መሆናቸውን ሲሰሙ ቀረብኝ የሚሉት ነገር ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ በቤታቸው፣ ከእንግዶቻቸው ጋር ሆነው ልጃቸው ገፍትረው አዳኑት የተባለውን ሕፃን ቢያነሡ ይተዉዋቸው።

ንግግሩን እንደገና ለመጻፍ መነሻ የሚሆን አንቀጽ ከዚህ በታች አስቀምጬልዎታለሁ። እንደ ወደዱ ይቀንሱት፤ ማስጌጥ ግን አያስፈልገውም።

«በዚያች ሌሊት በመንገድ ዳር የቆመ መኪና አይቶ ወረደ። ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ነገር በመኪናው ውስጥ የነበሩትን አራት ሰዎች፣ ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ አውጥቶ ከብረት አጥሩ ወዲያ ማቆም ነበር። ከዚያም ከኋላ የሚመጡ ተሽከርካሪዎች እንዲጠነቀቁ ኮን መደርደር ጀመረ። በእንቅልፍ የተሸነፈ ሹፌር የሚነዳው ጭነት መኪና ገጨውና ሕይወቱ አለፈ። ጭነት መኪናው አልፎ የጨፈለቀው መኪና ውስጥ ማንም አልነበረም።»

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ይበል። ጥቂት ዝምታ ይኑር፤ ከዚያ ወደ ሌላው የሕይወታቸው ክፍል ይለፍ። ስለ ሌላው ሕይወታቸው ደግሞ ንግግሩ ከመጨረሻዋ ሰዓት የበለጠ ቦታ ይስጥ፤ በሥራ ላይ ምን ይቀልዱ እንደ ነበር፣ ለአዲስ ምልምሎች ምን ያስተምሩ እንደ ነበር፣ በምን ይበሳጩ እንደ ነበር። አንድ ሰው የዓመታት አገልግሎቱን ሁሉ በሞተበት ቅጽበት ብቻ እንዲመዘን ማድረግ፣ ቅጽበቷ ምንም ያህል የተከበረች ብትሆን፣ ለእርሱም ለሚያውቁትም ያንሳል። ባልደረቦቻቸው እያንዳንዳቸው አንድ ትዝታ በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡዎት አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ሰው በዝውውር ይበተናል፣ ትዝታውም አብሮት ይሄዳል። ወረቀቶቹን ለልጅዎ ያስቀምጡለት።

ልጅዎ መገኘት ከፈለገ ይገኝ። በ9 ዓመቱ ያለ ልጅ ሞት የማይመለስ ነገር መሆኑን ያውቃል፤ አብዛኞቹ ልጆች ይህን የሚረዱት ከዚያ ቀድመው፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ «ሄዷል»፣ «አንቀላፍቷል» የሚሉትን ቃላት ትተው «ሞቷል» በሚለው ይናገሩት፤ በተለይ ሹፌሩ እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው በሆነበት ታሪክ ውስጥ፣ ሞትን እንቅልፍ ብሎ መጥራት ልጁን በማታ መኝታው ላይ ሊያስፈራው ይችላል። አባቱ እንዴት እንደ ሞቱ ከንግግሩ ሳይሆን አስቀድሞ ከእርስዎ ይስማ። «አመመው ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሐኪም የነገረዎትን እንዳለ ይንገሩት፤ ካልነገረዎትም ሄደው ይጠይቁና መልሰው ይንገሩት።

የዕለቱን መርሐ ግብር ከኮሚቴው በጽሑፍ ይቀበሉና ከልጅዎ ጋር ያንብቡት። በአንዳንድ አገሮች የፖሊስ መታሰቢያ ላይ የሬድዮ መገናኛው ሠራተኛ የሟቹን የጥሪ ቁጥር ደጋግሞ ይጠራል፤ መልስ ሲጠፋ አገልግሎቱ መጠናቀቁን ያውጃል። ይህ ለባልደረቦች ትልቅ ክብር ነው፤ አስቀድሞ ላልተነገረው ልጅ ግን የአባቱ ስም ተጠርቶ ዝም የሚልበት ቅጽበት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በመርሐ ግብሩ ውስጥ ካለ ልጁ ይወቀው፤ ካልፈለገው እንዲቀር መጠየቅ መብትዎ ነው። እርስዎ ያልሆነ፣ ልጁ የሚወደው አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ መውጣት ሲፈልግ ያለ ጥያቄ ይዞት ይወጣል። እርስዎ በዚያን ሰዓት ማልቀስዎ ስለማይቀር፣ ሁለቱን ሥራ በአንድ ላይ አይያዙ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ግንቦት ወር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣ አዋጅ መሠረት በየዓመቱ በ15ኛው ቀን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ደግሞ መስከረም 29 ቀን በእነርሱ አቆጣጠር፣ በግዳጅ ላይ የሞቱ ፖሊሶች ሁሉ በአንድነት ይታሰባሉ። ይህ አሠራር ለቤተሰብ የሚሰጠው ያልታሰበ ጥቅም አለ፤ ሥነ ሥርዓቱ በጋራው ቀን ሲደረግ፣ ሰውየው የሞቱበት ቀን ለቤተሰቡ ብቻ ይቀራል። መሥሪያ ቤቱ ከዚህ በኋላ በየዓመቱ ሊያስባቸው ካሰበ፣ በሌላ ቀን እንዲሆን ቢጠይቁ ማንም ቅር ሊሰኝ አይገባም። ያችን ቀን እንዴት እንደምታሳልፏት እርስዎና ልጅዎ ትወስናላችሁ።

ከረጢቱን ከሥነ ሥርዓቱ በፊት መክፈት የለብዎትም። ማንም ቀን አልቆረጠለትም። የሚከፍቱበት ጊዜ ሲመጣ ግን በድንገት አይክፈቱት። ከረጢቱ ሲታሸግ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ የመዘገበ ሰው መኖር አለበት፤ ዝርዝሩን ከመሥሪያ ቤቱ ይጠይቁ፤ የትኛው ዕቃ እንደ ተጎዳ፣ የትኛው ላይ ደም እንዳለ፣ የታጠበ መኖሩንም ይጠይቁ። ዝርዝሩን መጀመሪያ የሚያምኑት ሰው ያንብበውና ማየት የሚችሉትንና የማይችሉትን ይንገርዎት። ሰደርያው በዚያው እንደ ታሸገ ቢቆይ፣ ሰዓታቸውና ቁልፋቸው ብቻ ቢወጡም ይቻላል፤ መልሰው ሲያሽጉት በላዩ ላይ ያወጡትን ዕቃ ስምና ቀኑን ይጻፉበት፤ ልጅዎ አድጎ ሲጠይቅዎ የት እንዳለ ያውቁታል።